የዛሬው ንባብ

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ውሃ ቆጠርኩ፣
ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ሆጤ ዞርኩ፤
ቀድሞ የነበረ ቁጥር፣ አሁን ያለው ቁጥር፣
ልዩነቱን ጽፎ ወደ ሌላው ሰው በር።

ጡረታ ስወጣ ጓሮዬን ባየሁት፣
ከጦሳ እግር ሥር፣ አርባ ክንድ ያጠርኩት፣
መሬትንም እንደ ቆጣሪ ገመትኩት፤
ዘር ይገባል በዚህ፣ ምርት ይወጣል በዚያ፤
ደብተር ገዛሁለት ከሰኞ ገበያ።

የካቲት ሲጋመስ፣ በልግ ያረገዘ
ደመና በአዝዋ ገደል በኩል ተጓዘ፤
ጎረቤቴ ዙበይዳ ከአጥሩ ብቅ ብላ
«ይሄኛው ባዶ ነው፣ ጠብቅ» አለች «ሌላ»።
አልሰማኋትም። ድንች ቀበርኩ ሦስት መደብ፤
ካሮትና ቀይ ሥር፣ በገመድ፣ በሙሉ ልብ።
አራት ቀን ዘነበ። ከዚያ ዝም አለ።
እንደ ሕፃን ጠጉር ካሮቱ በቀለ፣
በአምስተኛው ሳምንት እንዳለ ከሰለ።

ይኸው የኔ ውሃ፣ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ፣
በፈረቃው ሌሊት ስጠብቀው በደጅ፣
ጄሪካኔን ደቅኜ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣
አየር ብቻ ተፋ። ቆጣሪው ግን ዞረ።
«ቆጣሪ በአየር ይዞራል» ሲሉኝ ደንበኞቼ
«ሐሰት ነው» እል ነበር፣ ደብተሬን ዘግቼ።
አፌ ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተናገረ።

ሰኔ። ጎመን ተከልኩ፣ ሃምሳ ሦስት ችግኝ፣
ከቁጥር በስተቀር ምንም ነገር ላይገባኝ።
ጠዋት አርባ ሆነ፤ ማታ ሠላሳ ሁለት፤
ቆራጭ ትል ነው አሉ፤ አንገቱን ሸልቶት
አጋድሞት ያልፋል፤ አይበላውም ለካ፣
የወደቀውን እንኳ ጥርሱ ሳይነካ።
በባትሪ ለቀምኩት፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣
ዝናብ እየመታኝ፣ ሐያት በመስኮት ስታይ።
«አባባ ምን ጠፋባቸው?» ብላ ስትጠይቅ
«ልቡ ነው» አለቻት አያቷ፣ ስትስቅ።

ሐምሌ ላይ ድንቹ ነጭ አበባ አወጣ፣
የድሮ ባልደረባዬ እንድሪስ ሊያይ መጣ፤
«ያምራል» አለ። ጎንበስ ብሎ ግን
በጣቱ ገለጠ የቅጠሉን ጎን፤
ጥቁር ነጥብ ነበር፣ የቀለም ጠብታ ያህል።
ሳምንት ሳይሞላ ሦስቱም መደብ ይሸታል።
ስቆፍረው ውሃ፣ ስቆፍረው ግማት፤
የተረፈው ቢቀቀል አይሞላም ለአንድ እራት፤
እሱንም ጃርቱ ቀምሶ ጥሎታል።
ጃርት የናቀውን ሰው እንዴት ይበላል?

ነሐሴ በረዶ። ስለ እሱ አልጽፍም።
ሩብ ሰዓት ነበር። ቃሪያ የሚባል የለም።

መስከረም ላይ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ፤
የቀድሞው ንባብ ዜሮ። ያሁኑንም ጻፍኩ፤
ዜሮ።
     አንድ ዱባ ነበር ያልመዘገብኩት፣
ከጥራጊው መሐል በቅሎ ያገኘሁት፣
አረም ነው ብዬ ሁለቴ የረገጥኩት፤
አጥሩን ተሻገረ። እኔ ጋ ቅጠሉ፣
እሷ ጋ አበባው፣ ፍሬውም በሙሉ።

ጥቅምት፣ ውርጭ ሲወርድ፣ ሐያት በሩን መታች፣
ትኩስ ሳህን ይዛ፣ በጨርቅ እንደሸፈነች፤
«እማ ልካ ነው፤ ዱባው የርስዎ ነው» አለች፤
«ሳህኑን ትፈልገዋለች» ብላኝ ሮጠች።

በላሁ። ጣፈጠኝ። ያናደደኝም እሱ ነው።
ግን የጎረቤት ሳህን ባዶ አይመለስም፤
ባትሪዬን ይዤ ወጣሁ፣ ጓሮው ላይ ምንም።
ጎመን አልነበረ፣ ካሮት አልነበረ፣
በአንድ ጥግ ግን ሦስት ነጭ ሽንኩርት ቀረ፣
ሽንብራ የሚያካክል። ከነአፈሩ ነቀልኩ፤
አጥቤ፣ ደርድሬ፣ በሳህኗ ላክሁ።

ለጥቂት ዝም አለ ከአጥሩ ማዶ ያለው ቤት፤
ኋላ ሳቋ መጣ፣ ኋላም የቁሌት
ሽታ።
     እኔ ደግሞ «ልዩነት» ከሚለው ረድፍ ፊት
እርሳሴን ይዤ ቆየሁ። ሦስቱ ነጭ ሽንኩርት
ስንት ተብለው ይግቡ? ዱባውስ በማን ስም?
መብራት ጠፋ።
የዛሬው ንባብ አልተያዘም።